የእህቴ ባልና የደነገጡት ጉርጦች

ያ ክረምት ግድግዳው የሚያልብበት፣ ልብስ ተሰጥቶ የማይደርቅበት ክረምት ነበር። ዝናብ ባስገመገመ ቁጥር ግን ትዝ የሚለኝ ብርዱ አይደለም፤ በእህቴ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ሲንቋረሩ የሚያድሩት ጉርጦች ናቸው።

ያመጣቸው የእህቴ ባል ነው። በኮሌጁ ቤተ ሙከራ በጊዜያዊነት ይሠራ ነበር፤ ከየረግረጉ እንቁራሪትና ጉርጥ ይለቅማል፣ ጠርሙስ ያጥባል። ሰፈሩ “ጉርጡ” ይለዋል፤ እሱም አቤት ይላል፣ ቅር አይለውም። የሚያንገበግበው ቋሚ አለመሆኑ ነበር። እህቴም ጠዋት ማታ ያችኑ ታነሳበታለች።

አንድ ቀን የቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ሊመጡ ነው አለው። ጉርጦቹን አሳርፎ በደህና ካቀረበ ለቋሚነት ሊጽፍለት ቃል ገባ። ለእንግዶቹ የሚታየው ሙከራ ይህ ነበር፤ የጉርጥ እግር ኤሌክትሪክ ሲነካው ይኮማተራል፤ ሲደክም ይቆማል፤ አድሬናሊን የሚባል ጠብታ ሲያገኝ ግን እንደገና ይበረታል። የእህቴ ባል ጠብታው ምን እንደሆነ ቢጠይቅ፣ ዶክተሩ እየተጣደፈ፣ ስንደነግጥ ሰውነታችን የሚያመነጨው ነው አለውና ሄደ።

እሱም ድንጋጤ የምትለዋን ቃል ብቻ ይዞ ቤት ገባ።

“ዋርሳዬ፣” አለኝ፣ “ውሻ ያባረረው ሰው ድካሙን የት እንደጣለው ያውቃል? ነገሩ እሱ ነው።”

መጀመሪያ በሚስቱ ሞከረው። እህቴ አንሶላ ስታጥብ ውላ ወገቤን ብላ ቁጭ እንዳለች ከኋላዋ ተደብቆ እባብ ብሎ ጮኸባት። በእርጥቡ አንሶላ እየጠፈጠፈችው እስከ አጥር በር ድረስ አባረረችው።

“አየሽ አይደል?” አለኝ እያለከለከ። “አሁን ደክሞኛል ስትል አልነበረም?”

እንግዶቹ በሚመጡበት ጠዋት የድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደበ ሳፋውን ይዞር ጀመር። ጉርጦቹ ዘለሉ፣ ዘለሉ፣ በመጨረሻ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዘረሩ። ጉልበት እያጠራቀሙ ነው አለን። ተሸክሟቸው ሄደ።

የሆነውን እሱ ራሱ ነው የነገረን። የአንዱ ጉርጥ እግር ኤሌክትሪኩ ሲነካው ትንሽ ተኮማተረና ቆመ። ዶክተሩ ጠብታውን ቢያደርግበት እንደገና ተንፈራገጠ፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ። ዝም ቢል እኮ አልቆ ነበር። ግን የእንግዶቹ አለቃ፣ እግሩ ገና ሲጀምር እንዴት ደከመ ብለው ጠየቁ። የእኛ ሰው ከበሩ ሆኖ አላስቻለውም።

“ጌታዬ፣ ደክሞ አይደለም፤ ጠዋት አስደንግጬላችሁ ነው የመጣሁት።”

ዶክተሩ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

“አንተ ሰውዬ፣ ያረፈ ጉርጥ አምጣ አይደል ያልኩህ?”

“ድንጋጤ ነው ጉልበቱ ያሉኝ እርስዎ ነዎት፣ ዶክተር።”

“ጠብታው ነው ያልኩት። ጠብታው።”

አለቃው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ክዳኑን እንዴት እንደደበደበ ሁለቴ አስደገሙት። ከዚያ ይህ ሰው ቋሚ ይሁን፣ ግን ነፍስ ያለው ነገር አጠገብ አይድረስ ብለው አዘዙ። የቤተ መጻሕፍቱ በር ጠባቂ አደረጉት፤ ማንኪያ እንኳ ቢወድቅ ሰው በሚቆጣበት ቦታ።

እህቴ የሹመቱን ዜና ስትሰማ እየሳቀች ሳፋዋን በአመድ ፈትጋ ፀሐይ ላይ ደፋችው። እሷ ካረፈች ወዲህ ሳቋ በጣም ይናፍቀኛል። እሱ ጡረታ እስኪወጣ እዚያው በር ላይ ነበር። መጨረሻ የሰማሁት፣ ከትልቋ ልጁ ጋር፣ ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ጀርባ ባለው ቤት እንደሚኖር ነው።