ደብዳቤው በሠልስቷ ደረሰ

ዛሬ አዳማ አንድ ቢሮ ውስጥ ጮኽኩ። ጸሐፊዋ "ሰኞ ይመለሱ" ስላለችኝ ብቻ። ልጅቷ ምን ታውቃለች!

በደርግ ጊዜ ታላቅ እህቴን በአሥራ ስድስት ዓመቷ የአጥንት ካንሰር ያዛት። አዲስ አበባ በነጻ እንድትታከም የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ እናቴን "እሑድ ስብሰባ ቀርተሻል" አላት። የቀረችው እህቴን ጠበል ልታስጠምቅ ሄዳ ነው።

ለቅጣት ሦስት ሳምንት አመላለሳት። እናቴ መንገድ አለ ብላ በየማለዳው የእህቴን ጫማ ትወለውላለች። "ማርያም አለች፣ ዛሬ ይፈርማል።"

ደብዳቤው የደረሰን በሠልስቷ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ማኅተሙ ግን እንዴት ጥርት ብሏል!

እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ከሊቀመንበሩ እጅ በሁለት እጇ ተቀበለች። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለችው።

እኔ እስከ ዛሬ ያልተዋጠልኝ ይኼ ነው። የእናንተስ እናት ማንን አመስግና አቃጠለቻችሁ?