ሁለቱንም ፊት ሳልሰማ

ወደ እስር ክፍሉ የገባሁት ነጠላዬ ትከሻው ላይ ተቀዶ ነው። ፖሊስ በልጆቻችን ላይ የሚያሳርፈውን ዱላ ልንቃወም ሐዳር የሚባለው ሰፈር ሰልፍ ወጥተን፣ እኔንም እየጎተቱ መኪና ላይ ጫኑኝ። ክፍሉ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ብረት አልጋው ላይ አብራኝ የተያዘች ተማሪ ተቀምጣለች፤ እዚሁ አገር የተወለደች የእኛው ሰው ልጅ ናት። ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ አብጧል።

በነጋታው ጠዋት መርማሪው ለየራሳችን አንዳንድ ወረቀት ይዞልን መጣ። ከፈረማችሁ አሁኑኑ ወደ ቤታችሁ፣ አለ። ወረቀቱ ፊትና ጀርባው በዕብራይስጥ ተሞልቷል። እኔ ዕብራይስጥ እናገር እንደሆነ እንጂ ማንበቡ እስካሁን አቀበት ነው።

«እትዬ፣ ፈርሚ በቃ» አለችኝ ልጅቱ። «ነገ ሚብሓን አለኝ። ፈተናው ካለፈኝ ዓመቱ ሄደ ማለት ነው። ሰልፍ ላይ ነበርን ነው የሚለው፣ ቤሰደር ነው።»

«እስከ መጨረሻው አነበብሽው?»

«ላይ ላዩን።»

ቤሰደር ስትል ሳቄ መጣ። «እሺ፣ ደህና ነው» ማለት ናት፤ እዚህ አገር የገባሁ ሰሞን የማውቃት የዕብራይስጥ ቃል እሷን ብቻ ነበር፤ ለሐኪሙም ቤሰደር፣ ለአስተማሪዋም ቤሰደር። አንድ ቀን ከምኖርበት ከቲራት ካርሜል በአውቶቡስ ሐዳር ሄጄ አሮጌ የዘፈን ሸክላ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ሣጥኑን ሳገላብጥ የአማርኛ ጽሑፍ ያለበት ሸክላ እጄ ገባ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ባለሱቁ ሽማግሌ ማጫወቻው ላይ አድርጎ እንድሰማ ጋበዘኝ። ሽማግሌ አስቁሜ ዘፈን ላዳምጥ? ነውር ነው! ዘፋኙ ገና አፉን ሲከፍት «ቤሰደር፣ ቤሰደር» ብዬ ይዤ ወጣሁ። ቤት ስንሰማው ጀርባው ተጭሮ አንዲት ቃል ላይ ያላዝናል።

በሳምንቱ ብመልስለት ሽማግሌው ተቆጣ። ሸክላውን ከፊት ወደ ጀርባ እያገላበጠ ጆሮውን ደጋግሞ ነካ። ሁለቱንም ፊት ሳትሰሚ ቤሰደር አትበይ ማለቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለቱንም ፊት ሳልሰማ ገዝቼ አላውቅም። ከኋላዬ የቆሙት ሲያጉረመርሙ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ይህን ስነግራት ልጅቱ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች።

«በይ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ፤ ጀርባውንም» አልኳት።

ልጅቱ ወረቀቱን ስታገላብጥ መርማሪው ሰዓቱን አየ። «ጀርባውም ያው ነው» አለ።

«እኛ አንቸኩልም» አልኩት።

እያነበበች ተረጎመችልኝ። ጀርባው መሐል ስትደርስ ድምፅዋ ቆመ።

«ድንጋይ ወርውረናል፣ ጥፋታችንን አምነናል ይላል። እትዬ፣ ልፈርም ነበር እኮ!»

ከዚያ ቀና ብላ ብዕሩን መለሰችለትና «አልፈርምም» አለችው። እኔም እንደዚያው። ኩራቴን ምኑን ልንገራችሁ!

ከሰዓት በኋላ ዳኛ ፊት ቀረብን። ድንጋይ ስንወረውር ያየ ሰው አልተገኘም፤ ልቀቋቸው ተባለ። ልጅቱ ለፈተናዋ ደረሰች ማለት ነው።

መውጫው ላይ አንዲት ፖሊስ በሩን ከፍታ፣ ዕቃችንን መረከባችንን እንድንፈርምላት ወረቀት ዘረጋችልን። ልጅቱ ወደ እኔ አየት አድርጋ ወንበር ሳበችና ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች። ፖሊሷ በሩን እንደያዘች ቀረች።

ዛሬም ያ እስር ሲነሳ ሰዎች ከንፈር ይመጥጡልኛል። ምን በወጣኝ! ዕድሜዬን በየቢሮው ተሰልፌ መንግሥትን ስጠብቅ ኖሬያለሁ። መንግሥት ቆሞ እኔን የጠበቀኝ ያን ቀን ብቻ ነው።