ሽማግሌዎቹ ስለ ሚስቴ በሽታ የጠየቁኝ ቀን

ልጄን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከግራና ከተማ የመጡት ሽማግሌዎች መርሳ ከተማ ካለው ቤቴ ገብተው እንደ ደንቡ ቆመው ተናገሩ። እኔም ወንድሜን ከጎኔ አድርጌ ሰማሁ። ዘር ተቆጠረ፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም። ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "አይቀየሙኝና፣ የልጂቱን እናት የወሰደው በሽታ በዘር የሚሄድ ነው?" አሉኝ።

ሚስቴ የሞተችው በሊምፎማ ነው። አንገቷ ላይ የወጣውን ንፍፊት የጥርስ ሕመም ያመጣው ነው ስንል ከረምን፤ ካንሰር ነበር። ከቀብሯ በኋላ "ለምን?" ብዬ የምጠይቀው ሰው ስላጣሁ ማንበብ ጀመርሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም፤ ያልገባኝን እስኪገባኝ እደጋግመዋለሁ።

"በሽታ የሚከላከል የደም ሕዋስ አለ" አልኋቸው። "መከላከያውን ሲያበጅ የራሱን ዘረመል ቆርጦ መልሶ ይቀጥለዋል። አንዳንዴ ቁራጩ ያለ ቦታው ይቀጠላል። ያኔ 'አትሙት' የሚለው ትእዛዝ አልቆም ይላል፤ መሞት የነበረበት ሕዋስ እየኖረ ይባዛል። ይህ ስሕተት የደረሰው በእሷ ሕዋስ ውስጥ፣ በዕድሜዋ መሐል ነው። ከእናቷ አልወረሰችውም፤ ለልጇም አላወረሰችውም።"

"አይ ጉድ! አልሞትም ያለው ነዋ የገደላት" አሉ አንደኛው።

ወንድሜ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ፤ በቃ ማለቱ ነው። እኔ ግን በግማሽ እውነት ልጅ መዳር ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

"ሆኖም የቅርብ ዘመዱ የታመመበት ሰው ከሌላው ይልቅ የመታመም ዕድሉ ጥቂት ከፍ ይላል" አልሁ። "ምክንያቱ ገና በደንብ አልተለየም። አብዛኞቹ ግን አይታመሙም።"

"ተማክረን እንመለሳለን" ብለው ወጡ። አልተመለሱም።

ወንድሜ "ማን ጠየቀህ ጭማሪውን?" ብሎ ተቆጣኝ። እሱን መመለስ አላቃተኝም። ልጄ ግን ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሁሉንም ሰምታ ኖሮ፣ "አባዬ፣ ለእነሱ ከመንገርህ በፊት ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?" አለችኝ።

አሁን ወልድያ ሥራ ይዛ እዚያው ትኖራለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች።

"ምሳ በላህ?"

"በላሁ።"

ያ ጥቂት ከፍ ይላል ያልሁት የመታመም ዕድል በእውነትም ጥቂት መሆኑን ላስረዳት ስጀምር "ይብቃ አባዬ" ትለኛለች። ስልኩ ሲዘጋ የትናንቱን ወጥ አሙቄ ብቻዬን ለምሳ እቀርባለሁ።