ማጅራቷን የያዝሁበት እጅ

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን እንኳ ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገርሁም። እሳቸው ቢሰሙ ጥፋት አይሉት ይሆናል። እኔ እለዋለሁ።

የልጅ ልጄ ምህረት ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች። ሐኪሙ ኦቲዝም አለባት ብሏል። እንግዳ ሲመጣ አትስምም፤ ቀረብ ብላ ጫማውን በአንድ ጣቷ ነካ ታደርግና ትመለሳለች። እናቷ፣ ልጄ ሰናይት፣ «እማዬ፣ ሰላም ማለቷ ነው፤ ተያት» ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅቷን ያበላሻት የእናቷ ልስላሴ ነው ባይ ነበርሁ።

የሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ሰው አስከትሎ ከገለጉ ተነሥቶ ገንዳ ውሃ ወዳለው ቤታችን መጣ። ሰናይት ቢሮ ነበረች። ምህረት ጫማውን ነካች። «እታለም፣ እናንተ ቤት ሰላምታም ቀረጥ ይከፈልበታል እንዴ?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። አፈርሁ። ማጅራቷን ይዤ ፊቷን ወደ ጉንጩ ገፋሁት። ጮኸች። አልለቀቅኋትም። ከዚያ በኋላ እናቷ በሌለችበት ሁሉ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንዲሁ አደረግሁ። መጮኋን ተወች። «አሁን ሰው ሆነች» አሉኝ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

የቆርቆሮው በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር መግባት የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ጫማ መንካቱም ቀረ። አንድ ቀን ሰናይት ከሥራ ስትገባ ከእሷም ሸሸች። ልጄ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ «እማዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸኋት። አብዝቼ ለቀቅኋት» አለች። እውነቱን መናገር አልነበረብኝም? «ብዬሽ ነበር» አልኋት። ከዚያ ወዲያ እሷም ልጇን መቆጣት ጀመረች።

ባላውቅ ነው ልበል? ተነግሮኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ የተነገረኝ ይገባኛል። የሰው ሳቅ በለጠብኝ እንጂ።

ሰናይት፣ ይህን የጻፍሁትን አንብቢው። ልስላሴሽ አልነበረም። እጄ ነው።

ምህረት ዛሬ አድጋለች። እንግዶች አሁንም «ሳሚን እንጂ» ይሏታል። «አትነካም፤ ያልተስማማው በሩ ያውና» እላለሁ። ባለጌ አሮጊት ይበሉኝ።

ምህረትን ይቅርታ አልጠይቃትም። እኛ አገር ይቅር ያለ ሰው አንገት አቅፎ ይስማል። እኔ ከእሷ ደግሞ መሳም ልጠይቅ? ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ደጃፉ ላይ እቀመጣለሁ። ከመጣች ጫማዬ እዚያው ነው። ካልመጣችም ልክ ናት።