ሸረፈዲን ለጀልባ የሠራው መቆሚያ

ሸረፈዲን ባሕር አይቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ካሶኒ ሲሠራ የኖረ የድሬዳዋ አናጺ ነው። የሠራቸው ካሶኒዎች በሳምንት ሁለቴ ጅቡቲ ደርሰው ይመለሳሉ፤ እሱ ግን ከድሬ ወጥቶ የሚያድረው ለቅሶ ወይም ሠርግ ሲጠራው ብቻ ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ተነሥቶ የጀልባ ዕቃ ልሥራ ያለው። ጎረቤቱ ያለው በያጅ ኒቆዲሞስ ወሬውን ሲሰማ፣ “አቦ ሸረፍ! መርከቡን በደቻቱ አሸዋ ላይ ልትነዳው ነው?” እያለ ሥራ እስኪፈታ ሳቀበት። ሸረፈዲን አልሳቀም። የልጁ ነገር ነበር።

ልጁ ሚክዳድ ጅቡቲ ወርዶ ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ነበር። ዋና የተማረውም እዚያ ነው። እናቱ ሃሊሞ ሲዋኝ የተቀረጸውን ቪዲዮ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ እያሳየች፣ “ልጄ እኮ ዓሣ ሆነ!” ትል ነበር። ከዚያ በበረዶ የተሞላ የዓሣ ሣጥን ከላይ ወድቆ ጉልበቱን ሰበረው። አጥንቱ ገጠመ፤ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አለው። መሬት ላይ እያነከሰም ቢሆን ይሄዳል። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ግን መቆም አቃተው፤ መረብ ደግሞ ተቀምጠው አይጎትቱትም። የጀልባዋ ባለቤት ክፉ ሰው አልነበረም። “መቆም የቻልክ ቀን ና፣ ቦታህ ይጠብቅሃል” ብሎ ሸኘው።

ሚክዳድ ቤት ገባና ዝም አለ። ድሮ ወሬው ሰፈር የሚያስነሣ ልጅ፣ ጠዋት ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ይቀመጣል፣ ጥላው ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ በቃ፣ ቀኑ አለቀ። አባት እያየ መቻል አልቻለም። አንድ ቀን ከሥራ ቤቱ ጠመኔ አምጥቶ እግሩ ሥር ጣለለትና፣ “ጀልባዋን ሳልልኝ” አለው።

ሚክዳድ የእንጨቷን ጀልባ በቁመቷ ልክ ሲሚንቶው ላይ ሳላት። የት እንደሚቆም፣ መረቡ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ወለሉ ሥር የሚያልፉት አግዳሚ እንጨቶች የት የት እንዳሉ አሳየው። ሸረፈዲን በጠመኔ የተሳለችው ጀልባ መሐል ቆሞ ሲያስብ ዋለ። ከዚያ ልጁ ተደግፎ የሚቆምበትን መቆሚያ መሥራት ጀመረ። ሁለት ወፋፍራም ቋሚዎች አግዳሚዎቹን ነክሰው በቡሎን ይታሰራሉ። ወገብ ላይ በሰው ቅርጽ የተላገ ጎባጣ መደገፊያ ያገናኛቸዋል። ከፊት የጉልበት መግፊያ አለ፤ የታመመው እግር ሲከዳ እዚያ ላይ ያርፋል። ከኋላ ደግሞ ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ዞሮ ይመጣና በዘለበት ፈንታ በቡሎንና በዳዶ ይጠብቃል። ካሶኒ ላይ ጭነት እንደሚታሰር መሆኑ ነው፤ ለመፍታት ሁለት እጅና ትዕግሥት ይጠይቃል።

“አባ፣ መደገፊያው ይበቃኛል። ቀበቶውን ተወው” አለ ሚክዳድ።

“አልተወውም።”

“ሰው እኮ ጀልባ ላይ አይታሰርም፣ ዋላሂ።”

“ስለ ውሃ እኔን ታስተምረኛለህ?” ብሎ ሸረፈዲን ጮኸበት። ልጁ ከዚያ በላይ አልተከራከረም፤ ምክንያቱን ያውቀዋል።

ድሬ ውስጥ ውሃ ማለት ጎርፍ ነው። የደቻቱ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል፤ ሰው ያቋርጠዋል፣ ይነግድበታል፣ ይረሳዋል። ያ ትልቁ ጎርፍ የመጣ ጊዜ ሸረፈዲን ሁለት ልጆች ነበሩት። ትንሹን ሚክዳድን በሽርጡ ከሮቃ ዛፍ ግንድ ጋር ጠፍሮ አሰረው፤ ታላቅ እህቱን ሲሃምን አቀፋት። በእጁ የነበረችውን ውሃው ነጥቆ ወሰዳት፣ የታሰረው ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሃ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያሰርከው ይቀርልሃል። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። እንደዚያ ያለ ትምህርት የተማረ ሰው ሌላ ትምህርት ከየት ያመጣል?

እንጨቱ ሲያልቅ ፈተናው መጣ። ባሕር ባይኖርም የደንገጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። መቆሚያውን የአንድ ደንበኛው መኪና ካሶኒ ላይ ገጠሙት፤ ሚክዳድ ቆመበት፣ ቀበቶው ታሰረ፤ ሾፌሩም ያለ ርኅራኄ ዳገቱንና ቁልቁለቱን ነዳው። በየኩርባው ሸረፈዲን ራሱ ከጎን ወደ ጎን ሲንከባለል ልጁ ንቅንቅ አላለም። ሁለት እጁን ዘርግቶ የሌለ መረብ እየጎተተ፣ “አባ፣ ቆምኩ! ቆምኩ!” እያለ ይስቃል። ሸረፈዲን አቧራ ገባብኝ ብሎ ዓይኑን ጠረገ። አቧራ አልነበረም፤ ያን ዕለት ደስ ያለውን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም።

ሚክዳድ መቆሚያውን አስጭኖ ጅቡቲ ወረደ፣ ቦታውንም አገኘ። መረቡ ሞልቶ ሲጎትት የሚያሳይ ፎቶ ላከ። ኒቆዲሞስ እንኳ ፎቶውን አይቶ፣ “በል እንግዲህ ካፒቴኑ፣ ይቅር በለኝ” አለ።

የሚክዳድን ሞት የተረዱት የንፋሱ ወራት ሲገባ ነው። የተቀበረውም እዚያው ጅቡቲ ነበር። ለሐዘን ከጅቡቲ የመጣው አብሮት የሚያጠምደው ዐብዲፈታሕ ለሃሊሞ፣ “ባሕር ነው፣ የአላህ ፈቃድ ነው” ብሎ አለፈ። ሸረፈዲንን ግን ሥራ ቤቱ ድረስ ተከትሎት ገባና ካሶኒ ጣውላ ላይ ተቀመጠ።

“አዴር፣ አንተ አባቱ ነህ፣ ልደብቅህ አልችልም” አለው እንደ አጎቱ ቆጥሮት። “ንፋሱ ጀልባዋን ገለበጣት። ሁላችንም ወጥተን ሆዷ ላይ ተንጠለጠልን። እሱ ከሥር ቀረ። ጠለቅሁ፣ የቀበቶውን ዳዶ ይዤ ነበር፣ አንድ ዙር ሁለት ዙር አዞርኩት፣ ትንፋሽ አጠረኝ። ተመልሼ ስገባ እጁ መወራጨቱን አቁሟል።”

“እንጨቱስ?” አለ ሸረፈዲን። ለምን እንደጠየቀ እሱም አያውቅም።

“ንቅንቅ አላለም።”

ለቀስተኛ እስኪሳሳ ሸረፈዲን ለሃሊሞ አልነገራትም። እሷ ደግሞ ለመጣ ለሄደው ሁሉ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ ዓሣ የነበረ ልጅ እንዴት ውሃ ይበላዋል? ለምን አልዋኘም? ጥያቄው እንደ መጋዝ እየቆረጠው ሰነበተ። አንድ ከሰዓት ቤቱ ሁለቱን ብቻ ሲይዝ፣ ሚስቱ ደግማ ስትጠይቅ መቻል አቃተው።

“እኔ ነኝ የገደልኩት፣ ሃሊሞ” አላት። “ቀበቶውን እንዳይፈታ አድርጌ የሠራሁት እኔ ነኝ። ታስሮ ነው የሞተው።”

ትጮኻለች ብሎ ጠበቀ። ብትጮህ፣ ብትረግመው፣ ብትመታው ይሻለው ነበር። ሃሊሞ ግን ሻሿን ወደ አፏ ሰበሰበች።

“ማሰር ትቶት ነበር” አለች። “ገና እንደወረደ ነገረኝ። ‘እማ፣ መደገፊያው ይበቃኛል፣ ቀበቶውን አላስርም፣ ለአባ እንዳትነግሪው’ አለኝ። እኔ ነኝ በአላህ ያስማልኩት። በየማለዳው እየደወልኩ ‘አሰርክ?’ እለው ነበር።”

“ያን ዕለትስ?”

“ደወልኩ” አለች። “‘አስሬያለሁ እማ፣ አትስጊ’ አለኝ።”