ፊልሙ ውስጥ አማርኛ የተናገሩት ጋሽ አምዴ

ጋሽ አምደሚካኤል ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በዚሁ በጆሃንስበርግ አርፈዋል። የኮሮና ወረርሽኝ ሆስፒታል በገቡ በዘጠነኛው ቀን ወሰደብን። ቀብራቸው ላይ እንዲገኝ የተፈቀደለት ሰው ጥቂት ነበርና፣ መሰናበት ላልታደላችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ዳቬይተን በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ እዚህ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያለኝ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። እሳቸው ጿሚ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ፕሮቴስታንት፤ ዝምድናም የለንም። ግን አባት ሆነውኛል።

ጋሼ በወጣትነታቸው ለንደን የሕትመት ሙያ ይማሩ ነበር። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ፊልም ሠሪዎች ጥቁር ሰው ሲያስፈልጋቸው፣ ተማሪውንም የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩንም ሰብስበው ጦር ያስይዙ ነበር። ጋሼም አንድ ጃማይካዊ ጓደኛቸውን ተከትለው ገቡበት። አዘጋጁ «ነጩ ጀግና ሲመጣ የፈለግኸውን ጩኽ፤ የሚገባው ሰው የለም» አላቸው። ቀረጻው ሲጀመር ጋሼ ጦራቸውን ተደግፈው፣ ረጋ ብለው፣ «ጤና ይስጥልኝ፤ ስሜ አምደሚካኤል ነው። የእርስዎስ ማን ይባላል?» አሉ። ማንም ስላልገባው እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ቀረ።

ቆይቶ ግን የማያስቅ ነገር መጣ። የአንድ አፍሪካዊ ሐኪም ሚና ቃል ተገብቶላቸው፣ ንግግሩን ሸምድደው ሲሄዱ፣ ፊቱን ጥቁር የተቀባ እንግሊዛዊ ተዋናይ ቆሞ አገኙ። «አረማመዱን ብቻ አሳየው» ተባሉ። «እኔ እዚህ ቆሜ እኔን የሚመስል ምን ያደርግላችኋል?» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ የጠራቸው ስቱዲዮ የለም። ልጃቸው ሣራ «አባዬ፣ ይቆጭዎታል?» ስትላቸው፣ «ሐኪሙን መሥራት እወድ ነበር» ይሉ ነበር። ሌላ አይጨምሩም።

አርጅተው እዚሁ ጆሃንስበርግ፣ ትሮይቪል ሰፈር፣ ሣራ ቤት ከገቡ በኋላ፣ እሑድ ከሰዓት ፊልሙን ግድግዳ ላይ ያሳዩን ነበር። አማርኛው ሲሰማ ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እሳቸው ግን ፊልሙን አቁመው፣ ከኋላ የቆሙትን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይሄ የጋና ልጅ ነው፤ ሕግ ይማር ነበር። ይህቺ ነርስ ናት» ይሉናል። «ስም የሌለው ሰው የለም፤ ጠያቂ ያጣ እንጂ።»

አንድ ቅዳሜ ሱቄ መጡ። ደንበኛው ሁሉ «ማይ ፍሬንድ፣ ዳቦ!» ሲለኝ ሰምተው፣ «ስምህን አያውቁም እንዴ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ሁላችንም ማይ ፍሬንድ ነን።»

«አንተስ የእነሱን ታውቃለህ?»

የአንዳቸውንም አላውቅም ነበር። ወንበር አስወጥተው ከምሸጥበት የብረት ፍርግርግ ውጭ ተቀመጡና፣ መጪውን ሁሉ በዙሉኛ «ሳውቦና» እያሉ ሰላም ብለው፣ ስሙን እየጠየቁ፣ የእኔንም እየነገሩ ዋሉ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ ገበያዬን የሚያውኩብኝ መስሎኝ። ከጥቂት ወራት በኋላ የእኛን የውጭ አገር ሰዎችን ሱቆች ሊዘርፍ ሰው ሲግተለተል፣ ማማ ኖምሳ የሚባሉ ጎረቤቴ የሱቄ ደጃፍ ላይ ቆሙ። «ኤርሚያስን አትነኩትም!» ብለው ጮኹ። ሌሎቹም ከየቤታቸው ወጥተው አጠገባቸው ቆሙ። ሱቄ ተረፈ፤ እኔም ተረፍኩ።

ጋሼ፣ ማናችንም አልጋዎ ዳር ሳንቆም መሄድዎ ያንገበግበናል። በመጨረሻው ቀን ነርሷ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ስትይዝልኝ ያልኩትን ይስሙ አይስሙ አላውቅም። እዚህ ልድገመው፦ አባቴ፣ እንወድዎታለን። በሰላም ይሂዱ።