አምብሮዝ ፒርሲ በሩን የዘጋ ዕለት

በትንሿ የዓሣ አጥማጆች ወደብ በሃርዲስ ኮቭ፣ በር የሚያንኳኳ እንግዳ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው እጀታውን ዞር አድርጎ ይገባል፤ ጫማውን በር ሥር ያወልቃል፤ ኩሽና ውስጥ ባለው ድንክ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ወሬ ካለው ያወራል፤ ከሌለው ምድጃውን እያየ ሻይ እስኪቀዳለት ይጠብቃል። ባለቤቱ ባይኖርም ያው ነው። አምብሮዝ ፒርሲ ተወልዶ ያረጀው በዚህ ልማድ ውስጥ ነው። የተማረረበት ግን ቀኝ እጁ ከታመመ ወዲህ ነው።

ስትሮክ የመታው በኅዳር፣ ጀልባውን ከበረዶው በፊት ወደ ዳርቻው በምንጎትትበት ቀን ነበር። ገመዱ ከእጁ ሲያመልጠው አብሮን ይጎትት የነበረው ሂዩበርት ኖሬ፣ «አንተ ሰውዬ፣ በጠዋቱ መጠጣት ጀመርክ እንዴ?» ብሎ ሳቀበት። የደነገጠው ፊቱ ሲጣመም ካየ በኋላ ነው። አምብሮዝ ከሆስፒታል ሲመለስ እግሩ ደኅና ነበር፤ አንደበቱም ተፈቷል። በልጅነቱ ከአባቱ ጋር ዓሣ ማጥመድ የጀመረበት ቀኝ እጁ ግን ውኃ እንደ ጠጣ ጓንት ተንጠልጥሎ ቀረ።

ሚስቱ ሜልቪና ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ነበር፤ ብቻውን መኖር ይችላል ወይስ አይችልም? ካልቻለ በመርከብ ተሳፍሮ ከተማ ወዳለው የአረጋውያን ማቆያ ይሄዳል። ወደዚያ ከሄዱት የሰፈራችን ሰዎች የተመለሱ አሉ፤ የተመለሱት ግን ለቀብር ነው።

ይህን የምትወስነው የማገገሚያ ሕክምና ባለሙያዋ ግሌኒስ ራይዳውት ነበረች። በአካል አይተናት አናውቅም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ አምብሮዝ ሆስፒታሉ የሰጠውን ታብሌት በስኳር ጣሳው ላይ ሲያስደግፈው ከከተማ ሆና ብቅ ትላለች። ነፋስ ሲበረታ ኔትወርኩ ይቆረጥና አፏን እንደ ከፈተች ደርቃ ትቀራለች።

«ጋሼ አምብሮዝ፣ ስፖንጁን ጭምቅ ያድርጉት። ጎሽ። አሁን ይልቀቁት።»

በሩ ይከፈታል። ጎረቤቱ ዶርካስ ፔኒ የዓሣ ሾርባ ይዛ ትገባለች።

«አንቺ ልጅ፣ እንደምን አደርሽ! ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ከተማ ውስጥ አያበሉሽም?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እትዬ ዶርካስ። እየሠራን ነው።»

«ሥሩ፣ ሥሩ። እኔን የለችም በሉኝ።»

ስፖንጁ ይወድቃል። አምብሮዝ ሊያነሣው ጎንበስ ሳይል ዶርካስ አንሥታ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች፤ ጣቶቹንም አንድ በአንድ ታጥፍለታለች።

«እትዬ ዶርካስ፣ እሳቸው ራሳቸው ያንሡት!»

«ኧረ በሞቴ! የታመመ ሰው ሲያጎነብስ ቁጭ ብዬ ልይ? እናትሽ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችሽ?»

 ግሌኒስም እንደኛ ባለ ወደብ ነው ያደገችው፤ እናቷም ብትሆን ቁጭ ብላ እንደማታይ ታውቃለች።

ሌላው ሰውም ከዶርካስ አይሻልም። ሂዩበርት ማገዶ ይከምርለታል፤ አንዱ የጫማውን ክር ያስርለታል፤ ሌላው ዳቦውን ቅቤ ይቀባለታል። በዚያ ኩሽና ከአምብሮዝ ቀኝ እጅ በቀር ሥራ የፈታ እጅ አልነበረም። ግሌኒስ ደኅናው ግራ እጅ ጠዋት ጠዋት በወፍራም የሱፍ ጓንት እንዲሸፈን አዘዘች፤ ሰነፉ እጅ ወዶ ሳይሆን በግድ እንዲሠራ። ሂዩበርት ገብቶ ያንን ጓንት ሲያይ ጎትቶ አወለቀው።

«ጤነኛውን አስሮ በሽተኛውን ማሠራት! ሕክምና ነው ወይስ ቅጣት?»

ከፋሲካ በፊት ባለው ማክሰኞ የፈተናው ቀን ደረሰ። አምብሮዝ ግሌኒስ እያየችው እንጨት ምድጃ ውስጥ መጨመር፣ ማንቆርቆሪያውን ማንሣትና ሻይ መቅዳት ነበረበት። በማግስቱ ሐሳቧን ለሆስፒታሉ ትሰጣለች። ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ስለነበር ሰፈሩ በሙሉ ተዘጋጀ። አምብሮዝ፣ «ተዉኝ፣ ብቻዬን ልሞክር» ቢል የሰማው የለም። ሂዩበርት ታብሌቱ እንዳያሳየው ምድጃው ጎን ካለው ግድግዳ ተለጠፈ፤ ዶርካስ ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከች፤ የቀረነው ድንክ አልጋው ላይ ትንፋሻችንን ዋጥን።

እንጨቱ በሚያስደንቅ ፍጥነት ምድጃው ውስጥ ገባ። ማንቆርቆሪያውም የአምብሮዝ እጅ ሳይደርስበት ከፍ አለ።

ግሌኒስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ጋሼ አምብሮዝ፣ ጥፍርዎን ቀይ ቀለም መቀባት ከመቼ ወዲህ ነው?»

ዶርካስ ለልጅ ልጇ ሠርግ የተቀባችው ቀለም ነበር። ማንቆርቆሪያው ቀስ ብሎ ወረደ።

«በቃ አልፈሃል በይውና ልነሣ፤ ጉልበቴ አለቀ» አለች ከጠረጴዛው ሥር።

ግሌኒስ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ስትገልጠው ቀልቶ ነበር። «እትዬ ዶርካስ፣ እኔ እኮ ያየሁት እርስዎ ሻይ ሲያፈሉ ነው። ይህን ያየሁትን ከተናገርኩ እሳቸው ነገ ዛሬ ሳይባል ከዚህ ቤት ይወጣሉ። እየረዳችኋቸው መስሏችኋል? ጓዛቸውን እየጫናችሁላቸው ነው! ውጡልኝ እባካችሁ!»

«ዝም ብለን ብንቀመጥስ?» አለ ሂዩበርት።

«ውጡ!»

ወጣን። ወዲያው ዶርካስ ጓንቷን ረስታ ተመለሰች። ሂዩበርት፣ «እንፋሎቱ እንዳያቃጥልህ ልልህ ነው» ብሎ አንገቱን አስገባ። እሱ ሲወጣ ዶርካስ ሾርባው ክዳን እንደሚያስፈልገው ትዝ አላት።

አምብሮዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። «ወይ አበሳዬ!» ብሎ ጮኸ። «በደግነታችሁ ልትገድሉኝ ነው? ያባቴ ቤት ውስጥ አንዲት ጠብታ ሻይ ብቻዬን ልቅዳ!» ዶርካስን ከነክዳኗ በትከሻው ገፍቶ አስወጣና በሩን ዘጋ።

የሰፈራችን በር ቁልፍ የለውም። ያለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ እንዳይበረግደው የሚታሰርበት፣ መቃኑ ላይ ካለው ቀለበት የሚገባ የብረት ሜንጦ ነው። የአምብሮዝ በር እርጥበት ስላሳበጠው በአንድ እጅ ተጭነው ካልያዙት ሜንጦው ቀለበቱ ውስጥ አይገባም። በግራው ተጫነ። ዶርካስ ከውጭ፣ «አምብሮዝ፣ ጨዋታህን ተው!» እያለች ትገፋለች። እኛ በኩሽናው መስኮት ተደርድረን እናያለን። ቀኝ እጁ ተነሣ፤ ሜንጦውን ነካው፤ አመለጠው። እየተራገመ ደገመው። ጣቶቹ አንድ በአንድ ታጥፈው ብረቱን ጨበጡት፤ ሜንጦውም ቀለበቱ ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን ሁላችንም ሰማን። ነፋስ በሌለበት ቀን ያ ድምፅ በሃርዲስ ኮቭ ተሰምቶ አያውቅም።

ከዚያ በዚያው እጅ እንጨት ጨመረ። ሻይ ቀዳ፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

«እጅዎን አዩት?» አለችው ግሌኒስ።

«የቱን እጅ?» አለ በቁጣ። ዓይኑ ገና በሩ ላይ ነበር።

ቤቱ ውስጥ እንዲቆይ ተፈቀደለት፤ ግሌኒስ በሰኔ እንደገና ትፈትነዋለች። ዶርካስ ግን በሩ ፊቷ ላይ የተዘጋባት ሴት ናት። በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አምብሮዝ ፖሊስ መስሎት፣ «ማነው?» አለ።

«ዶርካስ ፔኒ እባላለሁ፤ የዚሁ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። አቶ ፒርሲ፣ መግባት ይፈቀዳል?»

«ግቢ! ምን ሆነሻል?»

«የሰው በር መንካት ነውር ነው ተብለናል። እርስዎ ይክፈቱልኝ።»

እስኪከፍት ድረስ ድስቷን እንደያዘች በረዶው ላይ ቆመች። እሷን ተከትሎ ሂዩበርት አንኳኳ፤ ቀጥሎም ሌላው። ሐሙስ ዕለት አምብሮዝ ለግሌኒስ አቤት አለ።

«በር ስከፍት ነው የምውለው! ልቀመጥ ስል ኳ ኳ፣ ዳቦ ልጎርስ ስል ኳ ኳ! አንቺ ነሽ ያመጣሽብኝ፤ አንቺ ንገሪያቸው።»

«ግራ እጅዎ ላይ ጓንቱ አለ?»

«አለ። የሚያወልቀው ማን ገብቶ?»

«ያ እጀታ ክብ አይደል? በጓንት ያንሸራትታል። ታዲያ በምን እየከፈቱት ነው?»

አምብሮዝ ቀኝ እጁን አየ፤ ከዚያ እሷን አየ። አልሳቀም።

«እንግዲያው ጎረቤቶችዎ እስከ ሰኔ ያኩርፉልኝ» አለች ግሌኒስ።

በሩ ተንኳኳ።

«አቶ ፒርሲ፣ በቤትዎ አሉ?»

«የት እሄዳለሁ!» አለ አምብሮዝ፤ እየተነጫነጨም ሊከፍት ተነሣ።